አይ ያለች ቀን

በአውቶቡስ ጣቢያው ሾፌሮች ዘንድ «የጣቢያው አፍ» ትባል ነበር። ከትኬት መሸጫው በላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ የሚነሱትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ የምታስታውቀው እሷ ናት። ሥራዋ መነሻ ሰዓት መናገር ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ዕቃ የረሳውን ትጠራለች፣ የተኮራረፉ ረዳቶችን ታስታርቃለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ካየች ታባብላለች።

ጎሚስታውን ያወቀችውም እንዲሁ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ዝምተኛ ወጣት ነበር። አንድ ጠዋት የጠገነውን ጎማ እያንከባለለ ወደ አንድ አውቶቡስ ሲሮጥ ድምፅ ማጉያው አምባረቀ።

«ጎማ ይዘህ የምትሮጠው ወንድማችን፣ ቀስ በል፤ ያላንተ አይሄድም። ቢሄድም በሦስት እግሩ ነው።»

ጣቢያው በሙሉ ሳቀ። ጎሚስታው ጎማውን አስረክቦ ሊቆጣት ደረጃውን ወጣ። በሩን ሲከፍት ግን ሊናገር ያሰበው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ምነው? ትንፋሽ አጠረህ?» አለችው።

«ጎማው... ተገጥሟል። ልነግርሽ ነው።»

«አየሁት እኮ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ወዲያ ደረጃውን የሚወጣበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሟ ፍቅራቸውን አልወደደውም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የሚመራው እሱ ነበር። «እጁ ከግራሶ ለማይለይ ሰው እህቴን አልድርም» አለ።

«የእጁን ግራሶ በሳሙና እናስለቅቀዋለን» አለችው። «ያንተን አፍ በምን እንደምናጥበው ነው የጨነቀኝ።» እናታቸው እንኳ ሳቃቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ከዚያ አደጋው መጣ። ለምሳ ወርዳ በአንድ አውቶቡስ ጎን ስታልፍ፣ ከጣሪያው ላይ ሲወርድ የነበረ የብረት ሳጥን ከገመዱ አምልጦ ጭንቅላቷን በግራ በኩል መታት። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ነፍሷ ተረፈች። ስትነቃ እናቷን አየች፣ ጎሚስታውን አየች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ቃል ግን አልወጣም።

ሐኪሙ አስረዳቸው። «የምትሉትን ትሰማለች፣ ይገባታልም። ሐሳቧ አልጠፋም፤ የተጎዳው ሐሳቡ ወደ ቃል የሚሄድበት መንገድ ነው። ጊዜ ስጧት።»

ጎሚስታው ከሥራ በኋላ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። ድሮ እሷ ታወራ፣ እሱ ይሰማ ነበር። አሁን ማን ያውራ? ያለ ልማዱ እሱ ጀመረ። የሚያውቀው ጎማ ነውና ስለ ሚስማር፣ ስለ ተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ አወራላት። ዓይኗን ጨፍና፣ ፈገግ ብላ ትሰማዋለች።

ቀስ በቀስ ጥቂት ቃላት ተመለሱ፤ ግን ቦታቸውን እየሳቱ። ማንኪያውን «ቁልፍ» ትለዋለች። አዎ ለማለት ፈልጋ «አይ» የምትልበትም ጊዜ ነበር።

በዚህ መሃል የወንድሟ ጠባይ ተለወጠ። ጎሚስታውን «ወንድሜ» እያለ ያቅፈው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ሰብስቧቸው፣ «ሠርጉን ምን ያዘገየዋል? ቀን እንቁረጥ» አለ። ከዚያም ወደ ጎሚስታው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን እንነጋገር፤ ከእንግዲህ ካንተ ሌላ ማን ይወስዳታል?»

ዝቅ ያለው ድምፅ ለእሷም ተሰምቷታል።

እናቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ትፈልጊዋለሽ አይደል?»

«አይ» አለች።

ወንድሟ ሳቀ። «አዎ ማለቷ ነው። ይምታታባታል፣ ታውቃለህ።»

ጎሚስታው አልሳቀም። ቃል ሲምታታባት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ ቅንድቧ ይሰበሰባል፣ እጇ አየር ላይ ቃሉን ይፈልጋል። አሁን እጆቿ ጉልበቷ ላይ ጸጥ ብለዋል። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ከዓይኑ አልተነሳም።

«አይ ማለትሽ ነው?» አላት በቀስታ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ» ብሎ ተነሳ።

ወንድሟ በሩ ላይ ደረሰበት። «ሰው በታመመ ሰው ቃል ይቀየማል?»

«አልተቀየምኩም። ግን ቃሏ ነው።»

ያን ሰሞን የለጠፈው ጎማ ሁሉ ይተነፍስበት ነበር። ለምን እንዲያ እንዳለች አልገባውም። የገባው ነገር ቢኖር፣ ቃል በጭንቅ የምታወጣ ሴት ያወጣችውን መልሶ አፏ ውስጥ መክተት ነውር መሆኑ ነው።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ብቻዋን ሱቅ መሄድ ጀመረች። ሳሙና ልትገዛ ገብታ «ጫማ» ስትል ከባለሱቁ ቀድማ ትስቃለች፤ ከዚያ ቃሉ እስኪመጣ ሰልፉን ታስጠብቃለች። ደንቆሮ መስላቸው የሚጮኹባት ነበሩ፤ ጆሮዋን ነክታ ደህና መሆኑን ታሳያቸዋለች። የንግግር ሐኪሟ የሰጠቻትን ልምምድ መስታወት ፊት ቆማ ስትሠራ፣ እናቷ ወጥ ቤት ሆነው በሹክሹክታ አብረዋት ይደግማሉ።

አንድ ቀን ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሄደች። «ሥራ» አለችው። «እችላለሁ።» በጣቢያው መግቢያ በር ላይ ቆማ ትኬት እንድትቆርጥ ፈቀደላት። ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ ያያት ነበር። ራስ በመነቅነቅ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አልተሻገረም።

በኋላ የተሻገረችው እሷ ናት።

የአንድ ጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ሳለ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ያን... ቀን» አለች።

መፍቻውን አስቀመጠ።

«አይ... ያልኩት...» ቃሉ ጠፋባት።

የመኪናው ሾፌር ቸኩሏል። «ተሳስቼ ነው ልትልህ ነው፤ በቃ ተግባቡ» አለ።

«ይተዉአት ጋሼ። ራሷ ትጨርሰው።»

«አል...ተሳሳትኩም» አለች ለሾፌሩ። ወደ ጎሚስታው ዞረች። «እነሱ... ሰጡህ። እኔን። እንደ... እንደ ወንበር።» የፈለገችው ቃል ወንበር ይሁን ሌላ፣ ገባው። «እኔ... ራሴ ነኝ... የምመጣው።»

ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በግራሶ በጠቆረ እጁ ሊነካት ፈርቶ ቆመ። እጁን ያዘችው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ስለ ጎማውም አልጠየቀም።

ከሥራ ሲወጡ አብረው ወደ ቤቷ ሄዱ። እናቷና ወንድሟ ሳሎን ነበሩ። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«እሱን... አገባ...»

ወንድሟ ሊጨርስላት አፉን ከፈተ። እናታቸው ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። አፉን መልሶ ገጠመ። ማንም አልረዳትም።

«...አገባለሁ» አለች። «መርጬ።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ፣ «ይቅር በይኝ» አላት።

መልሱን ለመፈለግ ጊዜ ወሰደባት። ሦስቱም ጠበቋት።