ዳማ ለማን ተቀመጠች?

ኢንስፔክተር ሩቂያ ከሐረር ጀጎል ኤረር በር ገባ ብሎ ወዳለው ጠባብ መንገድ ስትደርስ ሰፈርተኛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወደ ቤቱ የገባ ግን አልነበረም። የፈሩት ሬሳውን ሳይሆን ውሻይቱን ነው።

መጽሐፍ ጠራዡ ዐብዱልዋሲዕ በቀይ ቀለም ከተቀባው መቀመጫ መደብ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የተጠረዙ መጻሕፍት የሚጫኑበት ብረትም አጠገቡ ወድቋል። በበሩ በኩል፣ ጥግ ላይ በተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍ ላይ፣ ጠጉረ ረጅም የማር መልክ ያላት ወጣት ውሻ ቁጭ ብላ ሬሳውን ታያለች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ አትነሳም፣ አትጮህም። ሪትሪቨር የሚሉት የፈረንጅ ዘር ናት፤ ስሟ ዳማ ነው።

ረዳቷ ሳጅን አማኑኤል ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ገና መምጣቱ ነበር። ነገር ቶሎ ማለቅ ይወዳል።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ይቺ ግን ጌታዋ ሲገደል ትንፍሽ አላለችም። ገዳዩን ታውቀዋለች ማለት ነው» አለ። «አሠልጣኟን ሙሉጌታን ይዘነዋል። ሬሳው ሳይገኝ በፊት ከዚህ ቤት ሲወጣ ታይቷል።»

«ቸኩለሃል» አለችው ሩቂያ። እሷ የጀጎል ልጅ ናት፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ተረት አባቷ ሳይሆን ሥራዋ ነው ያስተማራት።

ሬሳውን ያገኘችው እናቷ የሞተችባት የሟቹ ብቸኛ ልጅ ዋፋ ነበረች። ዋፋ ዓይኗ አያይም። ከብሬል ትምህርቷ ስትመለስ አባቷን በእጇ ዳስሳ ነው ያወቀችው። ዳማ የመጣችውም እንድትመራት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ብቻዋን ገበያ እንድትወጣ፣ ሥራ እንድትይዝ።

«አባትሽ ጠላት ነበረው?» ስትል ጠየቀቻት ሩቂያ።

«ነስሮ ጎረቤታችን በውሻዋ ይጣላው ነበር። ሌላ ማንም የለም።» ሻርፓዋን ወደ አንገቷ ሰበሰበች። «ሰኞ ቃዲ ፊት ቀርቦ ይህን ቤት ሊሰጠኝ ነበር። በቁሙ።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«አጎቴ ብቻ። ‹ታላቄ ነው፤ ሳልነግረው አላደርገውም› ብሎ ሄዶ ነገራቸው። አሁን ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? አጎቴ ‹ሐዘኑ ሲነሣ ቤቱ ይዘጋል፣ ውሻዋ ትወጣለች፣ አንቺም እኔ ጋ ትገቢያለሽ› ብለዋል። ከዚያ ቤት ከገባሁ ተመልሼ አልወጣም፣ ሩቂያ። ያለ ሰው እጅ ደጅ አልረግጥም።»

ሩቂያ ሐዘኑ እስኪነሣ ያለውን ጊዜ በልቧ ያዘች። ሐዘን የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ሙሉጌታ ጣቢያ ውስጥ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ድሮ ለፖሊስ ውሾች ያሠለጥን ነበር።

«ጠዋት ትምህርት ሰጥቼ ወጣሁ። በሕይወት ነበር» አለ።

«ምን ነበር ትምህርቱ?»

«መቆየት። ያስቀምጧታል፣ መዳፍዎን ፊቷ ይዘረጋሉ፣ ‹ቆዪ› ይሏታል። አንድ እርምጃ ይሸሻሉ። ካልተነሳች ተመልሰው ደረቅ ሥጋ ይሰጧታል። እያደር እርምጃው ይረዝማል። ከሩቅ ሆኖ መጥራት ግን ክልክል ነው፤ ራስዎ ተመልሰው ‹በቃ› ካላሏት መቆየትን አትማርም። ጌታዋን እያየች ከሆነ አሁን ብዙ ትቆያለች።»

«ምንጣፏስ?»

«ምንጣፏ የምትነጠፈው ‹ቆዪ› ስትባል ብቻ ነው። ያለዚያ ግድግዳው ላይ ትሰቀላለች።»

«አንተ ብትላትስ ትቀመጣለች?»

ሙሉጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እኔን? እኔ ለእሷ የሥጋ ከረጢት ነኝ። ሆን ብዬ ነው፤ ትእዛዝ ከቤቱ ሰው ብቻ እንድትቀበል ለአባትየው አስተማርኩ፣ እሱ ውሻዋን አስተማረ።»

ሩቂያ ቃሉን ብቻ አልተቀበለችም፤ ወደ ቤቱ ይዛው ሄደች። ሙሉጌታ ምንጣፉን አንጥፎ መዳፉን ዘርግቶ «ቆዪ» ቢል ዳማ ዘልላ ደረቱ ላይ ወጣች፤ አገጩን ላሰችው። አማኑኤል መሐረቡ ወደቀበትና ጎንበስ ሳይል ውሻይቱ በአፏ አነሳችለት።

«ተቀበላት፤ ካልተቀበልካት አትለቅም» አለ ሙሉጌታ። «አፏ ለስላሳ ነው፤ እንቁላል ብትይዝ አትሰብርም። ከፊቷ የወደቀ ነገር ካለ ሳታነሳ አታልፍም፣ ተቀምጣም ቢሆን።»

አማኑኤል የረጠበውን መሐረብ እያራገፈ ኪሱ ከተተው። ሩቂያ ግን በዓይኗ ስትከተለው ቆየች።

ነስሮ ደጁ ላይ ጫት ይዞ ተቀምጧል፤ ሲጣላ እንጂ ሲፈራ አይታወቅም።

«አቦ፣ ዝቻለሁ፤ አልክድም። ይቺን ውሻ አስወጣ፣ አለዚያ እኔ አስወጣታለሁ ብዬዋለሁ። ከመንገድ ሆኜ ነው ያልኩት። ወላሂ ውሻዋ ከመጣች ወዲህ ደፉን አልረገጥኩም። ደግሞ እሱ እኔን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ውሻዋን ይለቅብኝና ይስቃል። አላህ ይርሐመው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ሐጂ ዐብዱልሐሚድ የሚኖሩት አቦከር ሰፈር ነው። ነጭ ጥልፍ ኮፊያቸውን እንደ ደፉ በክብር ተቀበሏት። ኮፊያው ሚስታቸው በእጃቸው የጠለፉት ነው፤ የሐጂን ኮፊያ ከሩቅ የማያውቅ የአቦከር ሰው የለም።

«ወንድሜ ቤት ውሻ ከገባ ወዲህ እግሬን አላነሳሁም፣ ልጄ። ውሻ ስላለ መላእክት የማይገቡበት ቤት እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ? ያን ቀን ከመስጊድ መስጊድ ስል ነው የዋልኩት።»

ሩቂያ እጅ ነስታ ስትወጣ ሚስታቸው መሪየም ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ የተከሉትን ጥሩ ሽታ ያለው ሬሃናቸውን ሲያቃኑ አገኘቻቸው። የቆርቆሮው ቀይ አፈር ተዝቆ ሥሩ ወጥቷል።

«ፍየል ገባብዎ እንዴ?»

«ምን ፍየል፣ ሐጂ ናቸው እንጂ» አሉ መሪየም። «እኔ እያለሁ ‹ኮፊያዬን ራሴ ካላጠብኩ› ብለው ከአፈሬ ዘገኑ። በዕድሜዬ መሐረብ ሲያጥቡ አላየሁም። ወንድማቸው የሞተ ዕለት ነው፣ ከመግሪብ ሰላት በፊት። ልባቸው ቀድሞ ነግሯቸው ይሆናል።»

ሩቂያ የወጣውን ሥር አፈር አልብሳላቸው ወጣች። ሐጂን ከልጅነቷ ጀምሮ ታከብራቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛው ሲበተን ሁሉንም ሟቹ ቤት አስቀረቻቸው። ሐጂ መደቡ ላይ፣ መሪየም ከዋፋ ጎን፣ ነስሮ ከደፉ ውጭ፣ ሙሉጌታ ከአማኑኤል አጠገብ። ዳማን ከጓሮ አስረዋታል።

«የዚህ ቤት ነገር የሚፈታው በዚያች ምንጣፍ ነው» አለች ሩቂያ። «ሬሳው ሲገኝ ዳማ ምንጣፏ ላይ ነበረች። ‹ቆዪ› ተብላለች ማለት ነው። ማን አላት? ሙሉጌታን አትሰማም፤ በዓይናችን አይተናል። ዋፋ ትምህርት ላይ ነበረች። ያስቀመጣት ዐብዱልዋሲዕ ራሱ ነው።»

«ለምን ያስቀምጣታል?» አለ አማኑኤል።

«ለእንግዳ ብሎ ነዋ። ለሙሉጌታ አያስቀምጣትም፤ ሙሉጌታ ሲላስ የሚውል ሰው ነው። ለነስሮም አያስቀምጣትም፤ ይለቅበታል እንጂ። ዐብዱልዋሲዕ ውሻዋን ጥግ ያስያዘው ለሚያከብረው ሰው ነው፤ ውሻ እንዳይነካው ለሚጠነቀቅ ሰው።» ወደ መደቡ ዞረች። «ሐጂ፣ ከሰላት በፊት የውሻ ምራቅ ልብስዎን ቢነካው ምን ያደርጋሉ?»

ሐጂ ጺማቸውን ያዙ። «ሰባት ጊዜ አጥባለሁ። አንዱን በአፈር። እንደ እኛ በሻፊዒይ መዝሀብ ሥርዓት ያደገ ሕፃን ይህን ያውቃል።»

አማኑኤል አሁን ገባውና ቀና አለ። መሪየም እጃቸው ከዋፋ ትከሻ ላይ ወረደ።

«ወንድምዎ ቤቱን ለዋፋ ከሰጠ በእርስዎ እጅ የሚገባ የለም። ሳይሰጥ ከሞተ ግን፣ ሴት ልጅ ብቻ ላለው ሰው፣ ግማሹ ለልጁ ነው፣ የቀረው ለወንድሙ። ሊያስተዉት መጡ፤ እምቢ አለ። ሊሠራ ፊቱን ሲያዞር ብረቱን አነሱ። ሲመቱት ኮፊያዎ ከራስዎ ወልቆ ምንጣፉ አጠገብ ወደቀ። ዳማ አልተነሳችም፤ እንደ ተማረችው ተቀምጣ በአፏ ያዘችው። ከአፏ መንጭቀው ወሰዱ። ጥለውት እንዳይሄዱ አገር የሚያውቀው ኮፊያ ነው፤ አድርገውት እንዳይሰግዱ በምራቅ የረከሰ ነጃሳ ነው።»

«የመንገድ ውሻ ነክቶኝ ነው» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ቀንሷል።

«እስቲ ኮፊያውን ይስጡኝ።»

አልሰጡም። ከሐጂ ራስ ላይ ያወለቁት መሪየም ናቸው፤ በእጃቸው የጠለፉትን ገለበጡት። በጥልፉ ስፌት ውስጥ ቀይ አፈር ደርቋል። ሩቂያ ከስፌቱ መሐል በጥፍሯ አንድ ረጅም የማር መልክ ጠጉር ስባ አወጣች።

«የሐረር የመንገድ ውሻ ጠጉሩ አጭር ነው፣ ሐጂ» አለች። «ይህን ሰባት ውሃ አላወጣውም።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ራቁት ራሳቸው ሰደዱ።

«ቤታችንን አረከሰው» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «የአባቶቻችንን ቤት ውሻ አስገባበት፣ ከዚያም ለሴት ልጅ...» አልጨረሱትም።

«ለውሻ ምራቅ ሰባት ጊዜ አጠቡ» አለች ሩቂያ። «ለወንድምዎ ደምስ ስንት ጊዜ ታጠቡ?»

መሪየም ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ነስሮ ከደጅ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ «ገዳይ አይወርስም» አለ፤ ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሐጂም ከሁሉ በላይ ያውቁታል። አማኑኤል የሙሉጌታን ትከሻ ነካ አድርጎ «ይቅርታ» ካለው በኋላ ሐጂን ይዞ ወጣ።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ሩቂያ ከዋፋ አጠገብ ተቀመጠች። ቤቱ የዋፋ እንደሆነ፣ ዳማንም የሚያስወጣት እንደሌለ ነገረቻት። ዋፋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የምታስበው ሌላ ነበር።

«አባዬ ያስቀመጣት አጎቴን አክብሮ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ዳማን አላስቀምጥም» አለች ዋፋ። «ዘመድሽ ነኝ የሚለኝም ቢሆን።»

ሩቂያ እንዲህ አይባልም ልትላት አሰበችና ተወችው። ጓሮ ወጥታ ዳማን ፈታ አመጣችላት።