ጠብቆ የተነበበው ቃል

ደምሴ የተገኘው ከተሰቀሉት ማሲንቆዎች ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ጊዜው መጋቢት ፲፱፻፳፱፣ ዐቢይ ጾም የተጋመሰበት፣ ዕለቱም ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የጣሊያን ባንዲራ ከተሰቀለ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሟቹ የዜማ ቤት ማኅበር ሹም ነበር። ማኅበሩ ያረጁ ማሲንቆዎችን፣ በገናዎችንና ከበሮዎችን በአንዲት ክብ ቤት ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ የሽማግሌና የባልቴት ግጥምም ሳይጠፋ ይለቅማል። ጣሊያኖቹ በግጥማቸው ሕዝብ ያነሣሣሉ ብለው አዝማሪ ማደን ከጀመሩ ወዲህ ከአባላቱ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቆዳ የሚያለፋው ሙሄ፣ ዘፋኟ እቴነሽና ማሲንቆ መቺው ፈንታሁን። የጣሊያኑ ጦር ሹም ደምሴን የአዝማሪዎች ስም ዝርዝር እንዲያመጣ አዞት ነበርና መሞቱን ሲሰማ በገነ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩ ይሰጠኝ! አለዚያ ሦስቱንም እሰቅላለሁ» አለ።

የአገር ሽማግሌዎች ሮጠው አያ ሙላቴን ጠሩ። አያ ሙላቴ ድሮ ዳኛ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ዓይናቸው አልከዳቸውም። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክከው አንገቱን አዩ። ቀጭን ሰንበር ዞሮታል፤ ሰንበሩ ውስጥ አንዲት ጥቁር የፈረስ ጭራ ተጣብቃለች። ቀና ብለው ግድግዳውን ቃኙ። ዘጠኝ ማሲንቆ ተሰቅሏል፤ የዘጠኙም ጭራ ላልቷል። ስምንቱ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ግን አቧራ የለበትም።

መጀመሪያ ሙሄን አስቀረቡት።

«ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ አያ ሙላቴ። ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ነው። መስጊድ ሙሉ ሰው ይመስክርልኝ።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ ነዋ! ጧት መጥቶ ዝርዝሩን አምጣ እያለ ሲጮህበት ነበር።»

እቴነሽ ዓይኗ አብጧል። ከጧት ጀምራ ከሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ነው የዋለችው።

«ደምሴ የሚጽፈውን ታነቢለት ነበር?»

«ኧረ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ሲጽፍ ግን አየው ነበር። ወረቀቱን ቆዳ ባልለበሰው ከበሮ ውስጥ ይሸሽገዋል።»

አያ ሙላቴ ብቻቸውን ሲቀሩ እጃቸውን ወደ ከበሮው ሰደዱ። ወረቀቱን አውጥተው አነበቡና በኩታቸው ሸሸጉት፤ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ፈንታሁንን ጠሩት። እሱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ያነበበ ሰው ነው፤ ቀትር ላይ ቤቴ ብቻዬን ተኝቼ ነበር አለ።

«ደምሴ የተጠየቀውን ዝርዝር የሚጽፍ ይመስልሃል?»

«ምኑን አውቄ? ደሞስ ሃያ አንድ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ምን አንጀት ያስችለዋል?»

አያ ሙላቴ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሦስቱን እዚያው ክብ ቤት ውስጥ ሰበሰቧቸው። ሙሄ የከበሮ ቆዳ የሚያደርቅበት እሳት ጥግ ላይ ይነዳል። ሁሉም የአስተርጓሚውን ስም ለመስማት ጓጉተዋል፤ እውነቱን ለመናገር ሽማግሌውም ጓጉተው ነበር።

«አስተርጓሚው በሆነና በገላገለኝ» አሉ። «ደምሴ የታነቀው በማሲንቆ ጭራ ነው። ገዳዩ ጭራውን ከዚያ አቧራ ከሌለበት ማሲንቆ ፈታ፤ ሲጨርስ መልሶ አሰረው። ያሰረው ግን አላልቶ ነው። ማሲንቆ በጾም እንደማይመታ፣ ጭራውም ላልቶ እንደሚሰቀል ማን ያውቃል? አስተርጓሚው ማሲንቆ ከክራር አይለይም። ይህን ያደረገው የለመደ እጅ ነው፤ እጁ ሳያስበው አላላው።»

እቴነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ሙሄ መስጊድ፣ እቴነሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ፈንታሁን፣ አንተ ሃያ አንድ ሰው አልኸኝ። ይኸው ወረቀቱ፤ ሃያ አንድ ስም አለበት። ከከበሮው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላሳየሁም። ቁጥሩን ከየት አገኘኸው?»

ፈንታሁን ገነፈለ።

«ሸጦናል! ትናንት ሲጽፍ ደርሼ በትከሻው ላይ አየሁት። ከላይ ‹የሚሰጡ› ብሎ ጽፏል፤ ሦስተኛው የኔ ስም ነው! ዛሬ ቀትር ላይ መጥቼ ምንድን ነው ብለው አይመለከትህም አለኝ። ታዲያ እስክሰቀል ልጠብቀው?»

«‹ሰ›ን አጥብቀህ አነበብኸው» አሉ አያ ሙላቴ፤ ድምፃቸው ደከመ። «እስቲ አላልተህ አንብበው።»

ፈንታሁን ከንፈሩን አነቃነቀ። አንዴ አጠበቀው፤ ለጠላት ተላልፈው የሚሰጡ። ከዚያ አላላው፤ ለአዝማሪ ግጥም የሚሰጡ። ዕድሜውን ሙሉ ማሲንቆ ሲመታ ከተቀማጩ መሐል «ተቀበል!» እያሉ ግጥም ሲሰጡት የኖረ ሰው ነው። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ግጥም ሰጪዎቹን ነው የጻፈ» አሉ ሽማግሌው። «ከጋፋት እስከ ጣራ ገዳም ያሉትን ሽማግሌና ባልቴት፤ ካንተ በቀር አዝማሪ የለበትም። ብንሞት የሚተርፍ ሰው ግጥሙን ለመልቀም ማን ዘንድ እንደሚሄድ እንዲያውቅ ነው። አንተንም ግጥም አዋቂ ነህ ብሎ ጻፈህ። ያልነገረህ ተይዘህ ብትገረፍ እንዳታወጣው ብሎ ነው።»

«ወንድሜን ገደልሁት» አለ ፈንታሁን። «ወይኔ! ወንድሜን ገደልሁት።»

ከታች የመኪና ድምፅ ተሰማ። ወረቀቱ ጣሊያን እጅ ከገባ ሃያ አንዱም ያልቃሉ፤ ከተቃጠለ ደግሞ ደምሴ የለቀመው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። እቴነሽ የአያ ሙላቴን ኩታ ጨምድዳ ያዘች።

«አንብቡልኝ! በቃሌ ልያዘው፤ በእመቤቴ አንብቡልኝ!»

«የጋፋቷ አበበች» ብለው ጀመሩ። «የጣራ ገዳሙ አባ ታደሰ። ፈንታሁን...»

በሩ ተደበደበ። አያ ሙላቴ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣሉት። አስተርጓሚው ከወታደሮች ጋር ገብቶ «ገዳዩ የታለ?» ሲል ፈንታሁንን በጣታቸው አሳዩት። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈርዱ የኖሩት ሰው ያን ቀን ሰው ለጣሊያን ሰጡ።

ፈንታሁንን በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ መሐል ሰቀሉት። እቴነሽ የያዘቻቸውን ሦስት ስሞች ደጋግማ በልቧ ትላለች፤ ሦስተኛው የሱ ነው። ፋሲካ ደረሰ፤ ጾሙ ተፈታ፤ ዘጠኙ ማሲንቆዎች ግን ጭራቸው እንደ ላላ ቀረ። የሚያጠብቀው ሰው አልነበረም።