ባለ ሦስት መስመሩ ጉርድ

መቀሱ የጨርቁን ጥግ ጨርሶ ሲወጣ ደብተር የተረፈውን ቁራጭ አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። አራት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ነው። እናቷ ሁልጊዜ በየጉርዱ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ የምትሰፋው ይኼንን ነበር። ደብተር ግን ትምህርት ቤቱ ከሚያሰፋው ሁለት መቶ ጉርድ ላይ አራት አራት ጣት ቢቀነስ ምን ያህል ጨርቅ እንደሚተርፍ አስልታ ጨርሳለች። በስሌቷም በጣም ኮርታለች።

«ደብተር» እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ያወጣላት ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የሚቀመጥ ወሬኛ ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ጉርዷ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ የተሰፋ ሲሆን፣ አሁን ዘጠነኛ ደርሳለች። በየዓመቱ እሷ ስትመዘዝ እናቷ እጥፉን ትተረትርና ታስረዝምላታለች፤ የድሮው ጠርዝ የነበረበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ረዘመ፣ ሦስት መስመር ወጣ። ልጁ አንድ ቀን አይቶ «እንዴ፣ ይቺ ልጅ ባለ መስመር ደብተር ናት!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀረ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብሱን በሙሉ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሊሰጥ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወላጅ ኮሚቴው ናሙና ያያል። እናቷ አንድ ጉርድ ሰፍታ ትቀርባለች፤ ከመንገዱ ማዶ አምስት ማሽን ደርድሮ «ዛሬ ይለኩ፣ ነገ ይልበሱ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለው ሰውዬም ይቀርባል። ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል። እሱ ከመጣ ወዲህ የእናቷ ደንበኛ እየሳሳ ሄዷል። «አንድ ወንበር አለኝ፣ ማሽንሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ልኮባታል አሉ። ሥራው ለእሱ ከሆነ እናቷ የተከራየችውን የስፌት ክፍል አስረክባ እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው። ይህንን ስታስብ የደብተር ደሟ ይፈላል።

የንግድ ሥራ መምህራቸው በዚያው ሳምንት «ተወዳዳሪን ለመብለጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ከእሱ በርካሽ መሥራት፣ ወይ እሱ የማይሠራውን መሥራት» ብሏቸው ነበር። ደብተር የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሁለተኛውን ጻፈችው እንጂ አላሰበችበትም።

እናቷ መጋረጃ ለማድረስ ስትወጣ «የናሙናውን ጨርቅ ተኩሰሽ ጠብቂኝ፣ ስመጣ እቆርጠዋለሁ» ብላት ነበር የሄደችው። ደብተር ተኮሰችው፣ ቆረጠችው፣ ሰፋችው። ጠርዙን በአንድ ጣት ብቻ አጥፋ ስትጨርስ ጉርዱ ፏ ብሎ ወጣ።

ማንጠልጠያ ላይ እያደረገችው ሳለ ዳቦ ሻጯ ሴትዮ የልጇን ሱሪ በፌስታል ይዛ ገባች።

«እናትሽ የለችም እንዴ?»

«አሁን ትመጣለች፣ እትዬ።»

«ይኼ ልጅ በዕረፍቱ ዝም ብሎ ሲረዝም ከረመ! ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ለቆ ወጥቷል። በይ አውርጂልኝ።»

ደብተር በሆዷ አጉረመረመች። እናቷ የሰፋችውን ልብስ ስታስረዝም አታስከፍልም፤ መተርተሩ ደግሞ የደብተር ሥራ ነው። ከሥራ ሁሉ የምትጠላው እሱን ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ መተርተር ጀመረች።

«የእህቱን ጉርድ ማዶ ነበር ያሰፋሁት» አለች ሴትዮዋ ወንበር ስባ። «ረከሰልኝ ብዬ። ሲያጥራት ወሰድኩለት፤ ‹አዲስ ይሰፋላት› አለኝ እንጂ ምን ሊለኝ! ውስጡን ገልብጬ ባየው ለመድኃኒት የሚሆን ጨርቅ የለውም። በርካሽ ገዝቼ ሁለቴ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ እናትሽ ተመለስኩ።»

የደብተር እጅ ክሩ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ተነሥታ የተሰቀለውን አዲስ ጉርድ ዳበሰች፤ እንደ ልማዷ ጠርዙን ገልበጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ይኼ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል? የፈጣኑ ነው?»

ደብተር ሱሪው ላይ አቀረቀረች። አስረዝማ ጨርሳ ሰጠቻት፣ ሴትዮዋም መርቃት ሄደች።

ብቻዋን ስትሆን ጉርዱን አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው። ዝም ብትልስ? እናቷ ደክሟት ነው የምትመጣው፤ ምናልባት አታየውም። አሳቡ ግን ገና ሳያልቅ እናቷ ደረሰች።

«እማ፣ እኔ ቆርጬዋለሁ» አለች ደብተር፣ ጉርዱን እየዘረጋች። «እጥፉን አውጥቼዋለሁ። ዋጋ እንድንቀንስ ብዬ ነው።»

እናቷ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ አላልኩሽም?»

«ለክቻለሁ። የለካሁት ግን ሌላ ነገር ነው።» እንባዋ መጣ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው።

እናቷ ቁራጩን ከመሬት አንሥታ ጠቀለለችው። «ጨርቅ ነጋዴው እስከ ሰኞ አይከፍትም። በቃ፣ ምን ይደረጋል፤ ይኼንኑ ይዤ እገባለሁ። ዋጋውን ዝቅ አደርጋለሁ።»

«እሱ አምስት ማሽን አለው እማ! አንቺ አንድ ብትቀንሺ እሱ ሁለት ይቀንሳል።»

«ታዲያ ምን ልያዝ? ባዶ እጄን ልሂድ?»

ደብተር ወደ ታች፣ ወደ ለበሰችው የትምህርት ቤት ጉርድ ተመለከተች። ሦስቱ መስመሮች ጉልበቷ ሥር ነበሩ። እየረዘመ አራት ዓመት የለበሰችው ጉርድ አንድም ቦታ አልተቀደደም፤ ፈጣኑ የማይሠራው ይኼንን ነው። ከኮሚቴው አንዱ ደግሞ የዚያ ወሬኛ ልጅ አባት ነው። የአባትየው ወሬ ከልጁ አያንስም፤ ይኼን ጉርድ ካየ ነገ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሙድ የማይዝባት አይኖርም።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የቤት ሱሪዋን ለበሰችና ጉርዷን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ካውያውን ሰካች።

እናቷ ጉርዱን አየች፣ ልጇንም አየች። «በእርጥብ ጨርቅ ጫን ብለሽ ብትተኩሺው መስመሩ ይደበዝዛል» አለች ቀስ ብላ።

«አይደብዝዝ።»

ተኩሳ ስትጨርስ እናቷ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ልትከተው ስትል ደብተር ከእጇ ወሰደችው።

«ፌስታል ውስጥ ማን ያየዋል? ለብሼው አብሬሽ እገባለሁ» አለችና፣ መስመሮቹ ወደ ውጭ እንዲታዩ አድርጋ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።