በደብረ ሊባኖስ መንገድ የቀረው ሰው

ተረት አይደለም። የሆነ ነገር ነው... ያላመነ ይለፈው።

ግንቦት 11 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሦስት ብስክሌት ነጂዎች ልደታ ማርያምን ተሳልመው መንገድ ጀመሩ።

ፈቃደ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ወልደ ሚካኤል አብሮት የሚሠራ ጓደኛው። ዋቅሹማ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ የሱሉልታ ሰው። ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስ ሊሳለሙ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ በዓል ሰሞን፣ ጣልያን መነኮሳቱንና ተሳላሚውን ሰብስቦ ፈጅቷል። ዘንድሮ በዚያ መንገድ የሚደፍር ጥቂት ነው።

የወልደ ሚካኤል ሚስት፣ እንዳለች የምትባለው፣ ሸኘቻቸው።

“ፈቃደ፣ አደራህን። ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ጠብቁት።”

“ምን በወጣኝ ጥዬው እሄዳለሁ?” አላት።

ስምንት ሰዓት ላይ ደብረ ጽጌን አልፈዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሜዳው ጭር ብሏል... ወፍ እንኳ የለም።

“ፈቃደ... ጠብቁኝ!”

የወልደ ሚካኤል ድምፅ ነው። ከኋላ።

ፈቃደ ፍሬን ሊይዝ ሲል ክው አለ።

ወልደ ሚካኤል ከፊቱ ነው ያለው። ጀርባው ላይ ላቡ ይታየዋል።

“ሰማህ?” አለው ፈቃደ ከጎኑ የሚነዳውን ዋቅሹማን በሹክሹክታ።

“ሰማሁ” አለ ዋቅሹማ። “ዞረህ እንዳታይ። ማንም ቢጠራህ አቤት እንዳትል።”

“የኔ ድምፅ እኮ ነው...” አለ ወልደ ሚካኤል።

“ዝም! ንዳ!”

ነዱ። ድምፁ ተከተላቸው። አንዴ ቀረብ... አንዴ ራቅ...

አቀበቱ ላይ ወልደ ሚካኤል ትንፋሽ አጠረውና ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚያ ብረት ተንኳኳ።

“ሰንሰለቴ ወለቀ! እኔ ነኝ! የምሬን ነው፣ እኔው ነኝ! ፈቄ... በእንዳለች ይዤሃለሁ!”

ፈቃደ ሰንሰለት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የወለቀ ሰንሰለት ድምፅ አይጠፋውም። እውነተኛው ወልደ ሚካኤል መሆኑን አወቀ።

አወቀ... ፔዳሉንም ረገጠ።

ወዲያው ከኋላ ድምፁ ሁለት ሆነ። ሁለቱም የወልደ ሚካኤል።

አንዱ ያለቅሳል። ሌላው ያባብለዋል።

ፈቃደና ዋቅሹማ ያን ሌሊት አንድ ገበሬ ቤት አደሩ። ገዳሙን ሳይሳለሙ በማግስቱ ተመለሱ። አቀበቱ ላይ ሰውም ብስክሌትም አልነበረም።

“ጣልያን ያዘው እንላለን” አለ ዋቅሹማ።

“እሺ” አለ ፈቃደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ልደታ ደረሱ። እንዳለች ደጃፏ ላይ ቆማለች። ፈቃደ ውሸቱን ሊጀምር አፉን ሲከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

“ቀስ በል፣ ተኝቷል።”

“ማን?”

“ማን ትለኛለህ እንዴ? ትናንት ሲመሽ ገባ። በረደኝ ብሎ ተከናንቦ እንደተኛ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስምህን ሲጠራ ነበር...”

እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው።

አልጋው ላይ ጋቢው ከፍ ዝቅ ይላል። ከጋቢው ጫፍ አቧራ የለበሱ እግሮች ወጥተዋል።

ፈቃደ ቆጠራቸው።

አራት ናቸው።