በመናፍስት ወር ያወጣሁት ስም

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከራችሁም። እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ... ስሙን የጠራሁትም በገዛ አፌ ነው።

ታይዋን፣ ኪሉንግ ከተማ። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል።

ሌሊት አይደለም። መብራትም አልጠፋም። ዝናብ ብቻ ነበር፤ ኪሉንግ ደግሞ መቼም ዝናብ አጥታ አታውቅም።

ሊንዲ እባላለሁ፣ የደርባን ልጅ ነኝ። እዚህ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሰባት ዓመቴ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በቀጥታ ወደ እኛ ማስጠኛ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ሁልጊዜ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የእንግሊዝኛ ስም አውጥቼ፣ በወረቀት ጽፌ ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ።

ያን ጊዜ በቻይናውያን አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገብቶ ነበር፤ መናፍስት የሚለቀቁበት ወር። በየሱቁ ደጃፍ ለመናፍስቱ ብስኩትና ለስላሳ የተደረደረበት ጠረጴዛ ወጥቷል። የማስጠኛው ባለቤት ወይዘሮ ጻይም የራሳቸውን አስተካክለው ሲጨርሱ ጠሩኝ።

"ሊንዲ፣ በዚህ ወር ስም አታውጪ። ቁጥር ስጪያቸው።"

"ለምን?"

"ስም የሌለው ብዙ ነው የሚዞረው። ሲጠራ የሰማውን ይወስዳል።"

"እሺ" አልኳቸው።

ሰባት ዓመት ሙሉ እሺ እያልኩ የፈለግኩትን ነው የሠራሁት። ደግሞስ ሕፃን ልጅን "አራት ቁጥር፣ ተነሺ" ማለት እስር ቤት መሰለኝ።

ስምንት ልጆች ነበሩ። ሰባቱ ስሞቹን እየተሻሙ ወሰዱ። ስምንተኛዋ ፒን-ዩ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ አፏን መክፈት ታፍራለች። ፊት ለፊቴ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

የመጨረሻውን ወረቀት አነሳሁ።

"አይቪ የምትባል ማናት?"

"አቤት።"

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው።

ከኋላ ደግሞ የተቀመጠ ሰው የለም...

ሃው-ኤን የሚባል ተንኮለኛ ልጅ አለ። "አንተ ነህ አይደል?" አልኩት።

"እኔ ብሆንማ እንደዚህ አሳምሬ እናገረው ነበር ቲቸር?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ነበር ግን። የእንግሊዝኛ አነጋገሩ የታይዋን ልጅ አነጋገር አይደለም። የእኔ ነው፣ ቁርጥ የደርባን።

ወረቀቱን ፒን-ዩ ደረት ላይ ለጠፍኩና ትምህርቴን ቀጠልኩ።

በማግስቱ "አይቪ" ስል አሁንም ከኋላ "አቤት" አለ። የፒን-ዩ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

በሦስተኛው ቀን ከኋላ ያለው ባዶ ወንበር ረጥቦ አገኘሁት። ጣሪያው አያፈስም።

በአራተኛው ቀን ሃው-ኤን ብስኩት ሲያድል ፒን-ዩን ዘለላት።

"ለፒን-ዩስ?"

"ሰጥቻት የለ?" አለና ወደ ኋላ ጠቆመ።

ሲቀልድ አውቀዋለሁ። አልቀለደም።

ፒን-ዩ የቀሚሴን ጫፍ ሳብ አደረገች።

"ቲቸር..."

"ወዬ?"

"እማዬ ትናንት እራት አልሰጠችኝም።"

"አጥፍተሽ ነው?"

"አላጠፋሁም። አጠገቧ ነበርኩ... ለኔ ሳህን ስታወጣ ሌላ ወንበር ፊት አስቀመጠችው። ስጠራት አልሰማችኝም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ይህቺ ልጅ ከእናቷ ዓይን እየጠፋች ነበር። በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ከደረቷ ላይ ገንጥዬ ቀዳደድኩት። አይቪ የሚባል ስም ቀረ። እናቷ ያወጣችላትን ስም ማን ይወስድባታል? እሱን ጠርቼ እመልሳታለሁ አልኩ።

መዝገቡን ከፈትኩ።

"ሊን ፒን-ዩ!"

ሰባቱ ልጆች እኩል ጆሯቸውን ያዙ።

"ሊን ፒን-ዩ!"

"ቲቸር፣ ሙሉ ስሟን አትጥሪ፣ ይሰማል..." አለ ሃው-ኤን በሹክሹክታ። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔ ግን አልሰማሁትም፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራሁ።

ፒን-ዩ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም።

ከኋላ ግን...

"አቤት። አቤት። አቤት።"

ይሄኛው የእኔ አነጋገር አልነበረም። ጥርሱ የወለቀ የልጅ ድምፅ ነው። የፒን-ዩ ድምፅ ነው።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ልትወስዳት መጥታ ነው።

"ፒን-ዩ፣ ነይ እንሂድ።"

ፒን-ዩ ሮጣ ሄዳ ፊቷ ቆመች። እናትየው በልጅቷ ጭንቅላት ላይ አሻግራ ወደ ኋላው ወንበር አየች። ፈገግ አለች። እጇን ዘረጋች... ጣቶቿ የሆነ ነገር ጨበጡ።

"ልጅዎ እዚህ ናት!" አልኩ።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ይኸው ይዣታለሁ እኮ።"

ወጣች።

ፒን-ዩን በእጄ ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በር ላይ ስንደርስ ያየሁት ነገር አቆመኝ።

እናትየው በዝናቡ ውስጥ እየሄደች ነው። ጃንጥላውን ዝቅ አድርጋ ወደ አንድ ጎን ይዛዋለች። የራሷ ትከሻ በስብሷል።

"ኩሬ ውስጥ አትግቢ ብዬሻለሁ" ትላለች እየሳቀች። "ጫማሽን አበላሸሽው።"

"እማዬ" አለች ፒን-ዩ ከጎኔ፣ በቀስታ። እጇ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነበር።

እናትየው አልዞረችም።

ከጃንጥላው ስር፣ ማንም በሌለበት በኩል፣ የኩሬው ውሃ ቦጭ... ቦጭ... ይል ነበር፤ ልጅ ሲዘልበት እንደሚሆነው።