የእሷ ኪኒን በእሱ ልብ

ሬዲዮ ጠጋኙና ልብስ ሰፊዋ የተዋወቁት በጠብ ነው። ሱቆቻቸውን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ የጠገነውን ሬዲዮ እስከ ጥግ ከፍቶ ካልሞከረ አይሆንለትም። እሷ ግማሽ ራሷን የሚፈልጥ ሕመም አለባት፤ ሲነሳባት ብርሃንም ድምፅም ጠላቷ ነው። አንድ ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ዓይኗን በእጇ ከልላ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ወይ እሱን አጥፋው ወይ እኔን።»

ደንግጦ ሊያጠፋው ሲል ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። እሷም ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ሰው እንዲያ እያመመው ይስቃል? የእሱ ነገር ያለቀለት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል! ሥራ ሲፈታ ሱቋ ገብቶ ቁልፍ እየለቀመ ይቀመጣል፤ እሷም ሥራ አስፈታኸኝ እያለች ትቆጣዋለች፤ ከዘገየ ደግሞ በር በሩን ታያለች።

ችግሩ እናቷ ናቸው። ባላቸው በልብ ሕመም ከሞቱባቸው ወዲህ አንድ ቃል አላቸው፦ በሽተኛ ሰው አማች ሆኖ ደጄን አይረግጥም። ልጅቷ ይህን ለወዳጇ እየሳቀች አወራችለት። እሱ ግን አልሳቀም። ለካ የልቡ የደም ስር ከጠበበ ቆይቷል! ሐኪሙ ስሩን የሚያላላ መድኃኒት አዞለት፣ ከተበላሹት ሬዲዮኖች ጀርባ ደብቆ ነበር የሚውጠው።

እናቴን ተዋወቃቸው ስትለው ዛሬ ነገ ማለት አበዛ። የእናትየው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ትንፋሹን እንደሚያጋልጥበት ያውቃል። እሷ ይህን በምን ትወቅ? መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ካልፈለግከኝ ንገረኝና ይቁረጥልኝ።»

«እንዴት አልፈልግሽም?»

«ታዲያ አራት ፎቅ መውጣት እንዲህ ያስጨንቃል?»

በሳምንቱ ስልክ የሚያወራ እየመሰለ፣ በየደረጃው እየቆመ ወጣ። እናትየው ወደዱት። እንዲያውም ዝም ካለ ዓመታት ያለፈውን ሬዲዮአቸውን አስታቅፈው ሸኙት። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ።

ሠርጉ ሲቃረብ ራሱን ያመው ጀመር። የሚያሳምመው ሰሞኑን መጠኑ የተጨመረለት ያው የልቡ መድኃኒት ነበር፤ የልቡን ስር ሲያላላ የጭንቅላቱንም ስር ያላላዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ሱቋ ተቀምጦ ግንባሩን ሲያሽ አየችው። ከቦርሳዋ የራሷን ኪኒን አወጣች።

«እኔን ያዳነ አንተን አይጎዳህም። በል ዋጥ፣ ሆዴ።»

ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ሳይጠይቅ ሌላ መድኃኒት እንዳይወስድ ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቆታል። እምቢ ቢል ለምን ትለዋለች፤ ለምን ካለች ደግሞ ሁሉም ነገር ሊወጣ ነው። አይ የሰው ነገር፣ ከሞት ይልቅ የእሷን «ለምን» ፈራ። ዋጠው።

ብዙም ሳይቆይ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ ወንበሩ ላይ ታጠፈ።

ሐኪም ቤት እያለቀሰች ስለ ኪኒኑ ተናገረች። ሐኪሟ ጎኗ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

«በደማችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ነገር አለ። ውስጡ ጤነኛ የሆነ የደም ስር ሲያገኝ ያላላዋል። የተጎዳ ሲያገኝ ግን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ያንቺ ኪኒን የሴሮቶኒንን የመጭመቅ ሥራ አስመስሎ ነው የሚሠራው። የጭንቅላትሽን የደም ስር ያጠበዋል፣ ሕመምሽም ይበርድልሻል። የእሱ የልብ ስር ግን ቀድሞውንም የተጎዳና ጠባብ ነበር፤ ኪኒኑ ሲጨምቀው ደም ማለፍ አቃተው።»

የልብ ሕመምተኛ መሆኑን የሰማችው ያኔ ነው። እየሮጠች አጠገቡ ደረሰች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ...»

«የት አባቴ እሄዳለሁ?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የዋጥኩት እኔ ነኝ። ራስሽን እንዳትወቅሺ... እሺ በይኝ።»

እሺ አለችው። ውሸቷን ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ከቀብር መልስ፣ ለሠርግ ሊሰበሰብ የነበረው ዘመድ ለለቅሶ ሳሎኑን ሞላው። ልጅቷ እናቷን ወደ መኝታ ቤት ጠርታ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ ነኝ የገደልኩት አለች። ቀጥሎም ሲከነክናት የነበረውን አወጣችው፦ ሕመሙን የደበቀው እርስዎን ፈርቶ ነው።

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባትሽን ሳገባው ልቡን እንደሚያመው አውቅ ነበር» አሉ። «ገና ስንተጫጭ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ በሽተኛ ደጄን አይረግጥም የሚሉት...»

«ሐዘን ያናገረኝ ነው እንጂ፣ ልጄ። መጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ፣ እኔው ነበርኩ የምድረው።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ እሪ አለች፤ ቤት ሙሉ ሰው ተረባርቦ ሊያባብላት አልቻለም።