የሚመረው ውሃ

ወንዳፍራሽን ያወቅሁት ውሃ ሊለምነኝ መጥቶ ነው። የ1958 ዓ.ም. ክረምት ነበር። የባሕር ኃይል ባልደረባ ነው፤ ለዕረፍት መጥቶ ሰበታ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ከምጽዋ በበርሜል ባመጣው የባሕር ውሃ የመስታወት ገንዳ ሞልቶ አንድ ቢጫ ዓሣ አኖረበት።

«የጣራ ውሃ ይኖርሻል?»

«የጉድጓዱ ምን አደረገህ?»

«ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ዓሣዬ አይወደውም።»

ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለም። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

ፈቃዱ እስኪያልቅ ሁሉን አስተማረኝ። ውሃው ሲተን ጨዉ ስለሚቀር የጎደለውን የምተካው በዝናብ ውሃ ብቻ ነው። ተንሳፋፊዋ የመስታወት የጨው መለኪያ ከቀይዋ መስመር ከራቀች ዓሣው አደጋ ላይ ነው።

«ባሕር ጨው ብቻ አይደለም» አለኝ፣ ጣቱን ነክሮ ከንፈሬን እያስነካኝ። «ይመራል። የገበያ ጨው እንዲህ አይመርም።»

ሲሄድ፣ «ንጹሕ የባሕር ውሃ ይዤ እመለሳለሁ፤ ሽማግሌም እልካለሁ» አለኝ። አባቴ ኦቦ ነገሳ ግን ለዓለም ገና ከተማ እህል ነጋዴ ሊድሩኝ አስበዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

«እሺ፣ ያ ዓሣ በሕይወት እስካለ ልጁን እጠብቀዋለሁ» አሉ። «የሞተ ዕለት ግን አልሰማሽም።»

«ቃልዎ ነው፣ አባባ?»

«ዱጋ፣ እውነት ነው ልጄ፤ ቃሌ ነው።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ስመለስ ተረፈች የምትባለው አክስቴ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን አንድ እንስራ ጠበል ገልብጣበታለች።

«ድንቅቱዬ፣ ትዳርሽ ይባረክ ብዬ ነው!»

ገንዳው ሞልቶ ይፈስሳል። ጨዉ ቀጥኖ መለኪያዋ ሰጥማለች፤ ዓሣው በጎኑ ተኝቷል። አክስቴን አስወጥቼ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አሞሌ ጨው ፍለጋ ወደ ገበያ ሮጥኩ።

በቀትር ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩ። መለኪያዋ ቀይዋ መስመር ላይ ቆማለች። ዓሣው ይዋኛል። በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ ከበሩ እስከ ገንዳው ድረስ የባዶ እግር እርጥብ ዱካ አለ። የሚመለስ ዱካ ግን አልነበረም።

አሞሌዬን እንዳቀፍኩ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ይመራል።

«ወንዳፍራሽ?» አልኩ።

ውሃው በቀስታ ተነቃነቀ። መውጣት አልፈለግሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጓደኛው ከምጽዋ መጣ። ወንዳፍራሽ ንጹሕ ውሃ ሊቀዳ በጀልባ ከወደቡ ርቆ ሄዶ ሰጥሟል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ያችው ቅዳሜ ነበረች።

ነጋዴው ይህን ሰምቶ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንግዶቹን ደጅ አቁመው ወደ ክፍሏ ገቡና ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዱካው ወለሉ ላይ ነጭ ጨው ሆኖ ደርቋል። ሲወጡ ላለመርገጥ ግድግዳውን ታክከው አለፉ።

«ልጄ ባል አላት» አሏቸው።

ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፣ ዓሣው አለ። ጣራችን በበጋ ጠብ ባይልም አልጨነቅም። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ገንዳው ጎድሎ አያውቅም።